የጅማ ሰው ድምፅ ሲሰጥ

መድና አባቦራ የስፌት መኪናዋን በሱቄ በረንዳ ላይ ከዘረጋች ሃያ ዓመት አልፏታል። ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር ውስጥ ጨርቅ የምሸጠው ጎሳዬ እኔ ነኝ። በረንዳውን የሰጠኋት በደግነት እንዳይመስላችሁ፤ እሷ እዚያ ካልተቀመጠች ከእኔ ጨርቅ የሚገዛ የለም። ሰው መጀመሪያ መድናን ሰላም ይላል፣ ቀጥሎ ልኩን ያስለካል፣ ጨርቁ ትዝ የሚለው በመጨረሻ ነው። ይኸው ስለ እሷ ልናገር ተነስቼ ስለ ራሴ ጀመርኩ፤ ባለቤቴ ብርሃንነሽ ይህን አመልህን የሚያስተውህ መቃብር ብቻ ነው ትለኛለች።

መድና አጭር ናት፣ ፈጣን ናት፣ ሜትሩ ከአንገቷ አይወርድም። ስፒል በከንፈሯ ነክሳ እንኳ ታንጎራጉራለች። ባሏ ሸኩር ባለሦስት እግር በርጩማ የሚሠራ አናጺ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ አሥር ቃል ከተናገረ ያን ቀን ብዙ አውርቷል ማለት ነው። እሱ ሳይናገር ያሳለፈውን ሁሉ እሷ ወስዳ ዘፈን ታደርገዋለች።

ዘፈኗ ደግሞ የጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አይደለም። ከአጋሮ እስከ አሰንዳቦ ሰርግ የደገሰ ሰው ከድንኳኑ በፊት የሚያስበው መድናን ነው። በእኛ አገር ሰርግ ላይ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ጥሩ አውጪ ያልተገኘበት ሰርግ ምሳ ግብዣ ነው እንጂ ሰርግ አይባልም። መድና ሰርጉ ቤት ትገባለች፣ የሙሽሪትን እናት አየት ታደርጋለች፣ አንዷን አክስት ጠጋ ብላ ሁለት ሦስት ነገር ትጠይቃለች፣ ከዚያ ዘፈኑ ይወጣል። ግማሹ ኦሮምኛ ነው፣ ግማሹ አማርኛ፣ መሀል ላይ ነቢዩ የሚወደሱበት ሶሉ አለነቢ ይገባበታል። የሙሽሪት ስም አለበት፣ የእናቷ አለበት፣ መኪና ያዋሰው አጎት እንኳ አይረሳም። የሌለበት ስም የራሷ ብቻ ነው። በማግስቱ ዘፈኑም አይኖርም፤ ለሌላዋ ሙሽራ ሌላ ይሠራል።

አንድ ጊዜ ከአጋሮ በሚኒባስ ስትመለስ አጠገቧ የተቀመጠች ሴት፣ መድና ባለፈው ሳምንት ያወጣችውን ዘፈን ስታዜም ትሰማለች። «የማን ነው እሱ?» ብላ ጠየቀቻት። «የማንም አይደለም፣ የሰርግ ነው» አለቻት ሴትዮዋ። መድና ይህን እየሳቀች ነገረችኝ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያን ቀን ግን የአንድ ሙሽራ ኮት እጅጌ ገልብጣ ሰፍታ ተረተረችው። መድና እጅጌ ገልብጣ ስትሰፋ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ውድድሩን ያመጣችው ልጇ ዩምና ናት። ዩምና ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፣ ዓይኗ ከስልኳ አይነቀልም። አንድ ጠዋት በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ «እማዬ፣ አስመዘገብኩሽ» አለቻት።

«የት?»

«ዜማ ለጎረቤት። የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዘፈን ይልካሉ፣ ዘንድሮ ናይሮቢ ነው የሚዘፈነው። የኛ አገር ኮሚቴ በየከተማው ይዞራል፤ አዳራሽ ውስጥ ያለው ሕዝብ አንድ ሰው ይመርጣል። የተመረጡት አዲስ አበባ ሄደው ዳኞች ፊት ይዘፍናሉ፣ ከእነሱ አንዱ አገር ወክሎ ይሄዳል። ጅማ ላይ ሦስት ሰው አልፏል። አንዷ አንቺ ነሽ። ሙድ ነው!»

«ማሎ ዩምና፣ እባክሽ፣ ምኔን አይተው?»

«ሸሚዝ እየተኮስሽ ስትዘፍኚ ቀርጬ ላክሁት።»

መድና ልትቆጣ አፏን ከፍታ ነበር። ዩምና ግን ቀጠለች። «ዘፈኑ አዲስ መሆን አለበት፤ የትም ያልተዘፈነ። ጅማ ላይ በቁጥር ነው የሚጠሯችሁ፣ አድልዎ እንዳይኖር። ለሚያሸንፈው ብቻ የግጥምና የዜማው ባለቤት ስም ይነበባል። አዲስ አበባም ይነበባል፣ ናይሮቢም እንደዚያው።»

የስፌት መኪናው ቆመ። «ስም ይነበባል?» አለች መድና።

«ኤዬ! በሁሉም አገር ቴሌቪዥን።»

ከዚያ በኋላ ቁጣ የሚባል ነገር አልተሰማም። እኔ ያኔውኑ ገባኝ። ይህች ሴት የሰውን ስም ስታነሳ ኖራ የራሷ ሲነሳ መስማት አምሯታል። ቢያምራትስ? ሲያንሳት ነው!

ችግሩ መድና ሙሽራ በሌለበት ዘፍና አታውቅም። «ለማን ነው የምዘፍነው?» እያለች አንድ ሳምንት አደረቀችን። ለእኔ ዝፈኚ አልኳት፤ ሆዴን አይታ «ለእሱ የሚበቃ ዜማ የለኝም» አለችኝ። በመጨረሻ ዘፈኑ የመጣው ከሥራዋ ነው። አንድ ከሰዓት ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ እያየችው፣ ሰው ይስማኝ አይስማኝ ሳትል እንዲህ አለች፦

የሙሽራን ወገብ፣ የሚዜን ትከሻ፣
ለክቼ ለክቼ ደረስኩ መጨረሻ።
ሜትሩን ያዙና እስቲ ለኩኝ ደግሞ፣
ስሜ ስንት ክንድ ነው ቢዘረጋ ቆሞ?

ጨርቅ ልትገዛ የመጣች ሴት ጨርቁን ትታ እንባዋን ጠረገች። እኔም አቧራ ገባብኝ አልኩ።

ከውድድሩ በፊት ባለው ቀን ከሚዛን ተፈሪ ሌላዋ ተወዳዳሪ መጣች። ሊዮል ትባላለች፤ ከሃያ ሁለት ሃያ ሦስት አትዘልም። የተሳፈረችበት መኪና ሸቤ ላይ ተበላሽቶ ግማሹን መንገድ በጭነት መኪና ነው የመጣችው። መናኸሪያው ላይ ብቻዋን፣ አቧራ ለብሳ፣ ቦርሳዋን አቅፋ ቆማ ያገኘቻት ደግሞ ሌላ ሰው አይደለችም፣ መድና ራሷ ናት። ለዘፈን ውድድር እንደመጣች ስትሰማ «እኔም ተወዳዳሪ ነኝ፣ ነይ ወደ ቤት» አለቻት። በቃ፣ ይኸው ነው። ልጅቷ እዚያው አደረች፣ በላች፣ ጠጣች። በማግስቱ ጠዋት በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብለው፣ መድና መንገድ ላይ የተቀደደውን የቀሚሷን ጠርዝ እየሰፋችላት አገኘኋቸው።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አልኳት።

«ቀሚስ እየሰፋሁ።»

«የተቀናቃኝሽን ቀሚስ!»

«ጎሳዬ፣ እንግዳ ፊት ድምፅህን ዝቅ አድርግ» አለችኝ። ልጅቷ መሬት መሬቱን አየች። እኔ ደግሞ ክፉ ሰው አይደለሁም፤ ሻይ አዘዝኩላት።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ከአጋሮ ሰው ሚኒባስ ተኮናትሮ መጥቷል። መጀመሪያ ፋሂም የሚባል የሰፈራችን ጎረምሳ ወጣ፤ ራፕ ነው፣ ጓደኞቹ ወንበር ላይ ቆሙለት። ሁለተኛ መድና ወጣች። ዘፈኑን እንዳወጣችው አዳራሹ በሞላ ተቀበላት። ከአዲስ አበባ የመጣው የኮሚቴው ሰብሳቢ «እባካችሁ ጸጥታ፣ ተወዳዳሪዋን አትረብሹ» ብሎ በማይክራፎን ለመነ። ምን እናድርግ? አውጪ ሲያወጣ አለመቀበል ነውር ነው። መድና ስትጨርስ ጆሮዬ ጮኸ። ጉዳዩ ያለቀ መሰለኝ።

ሦስተኛ ሊዮል ወጣች። ድምፅዋ ጥሩ ነው፣ መካድ አልችልም፤ የሚያምር፣ ቀጭን፣ ትንሽ የሚንቀጠቀጥ። ግን ጨርሳ ስትሰግድ የሚያጨበጭብላት የራሴ የምትለው አንድ ሰው የላትም። ከፊት ወንበር መድና ተነስታ አጨበጨበች። ከዚያ ሁሉም ተከተለ።

ድምፅ የሚሰጠው በስልክ መልእክት ነበር የተባለው። ኔትወርኩ ግን ድራሹ ጠፋ። ሰብሳቢው ላብ በላብ ሆኖ ወዲያ ወዲህ ሲል ሶሬሳ የተባለው የአጋሮ ቡና ነጋዴ ተነስቶ «መኪናዬ ላይ አንድ ጆንያ ጀንፈል አለ፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ፍሬ ስጡት» አለ። ጀንፈል ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና ነው፣ እዚህ አገር የማያውቀው የለም። ሦስት ባልዲ ከአንሶላ መጋረጃ ጀርባ ተደረደረ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተብሎ ተጻፈባቸው። ሰው ተሰልፎ እየገባ ፍሬውን ጥሎ ወጣ። ተወዳዳሪዎቹም እንደማንኛውም ሰው አንድ አንድ ፍሬ ተሰጣቸው። እኔ ገብቼ ሁለተኛው ባልዲ ውስጥ ጣልኩና ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ሰብሳቢው ይቆጠር አለ። የአጋሮ ሰዎች ሳቁበት። «ቡና ይመዘናል እንጂ ይቆጠራል እንዴ?» ብለው ሚዛን አስመጡ። የፋሂም ባልዲ ቀላል ነው። የመድና ባልዲ ተሰቀለ፤ ትንሽ ከበድ አለ። የሊዮል ባልዲ ሲሰቀል ሚዛኑ እንዳለ ወደ ታች ሄደ።

«እርጥበት አለው!» ብዬ ጮኽኩ። ሌላ የምለው አልመጣልኝም።

«የእኔ ጀንፈል እርጥበት የለውም!» አለ ሶሬሳ ተቆጥቶ። «ኦቦ ጎሳዬ፣ በዘፈን ተናደህ ስሜን አታጥፋ!»

ሰብሳቢው ወረቀቱን ገለጠና የሊዮልን ስም ከነአባቷ፣ ግጥምና ዜማ ብሎ አነበበ። ሰው ሁሉ ጎረቤቱን በጎን እያየ ነበር። ያን ጊዜ ከፊት ወንበር አንድ እልልታ ተሰማ፤ መድና ናት። ልጅቷን አቅፋ ሳመቻት። እኔ ግን ስታቅፋት ፊቷን አይቻለሁ፤ ልክ እጅጌውን ገልብጣ የሰፋች ዕለት የነበረው ፊት ነው። ከብስጭቴ ብዛት ኮፍያዬን ረስቼ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ብርሃንነሽን «ለማን ሰጠሽ?» አልኳት።

ድስቱን ታማስላለች።

«ብርሃንነሽ!»

«እንግዳ ናት ጎሳዬ! ብቻዋን፣ በጭነት መኪና መጥታ፣ እንዲሁ ባዶ እጇን ትመለስ? ደግሞ የመድና እንግዳ ናት። ለመድና እንግዳ መስጠት ለመድና መስጠት አይደለም? ለመድናማ አገሩ በሙሉ አለላት፣ የእኔ አንድ ፍሬ ምን ልትጨምርላት?»

በማግስቱ እሁድ ሰፈሩን ዞርኩ። ፀጉር አስተካካዩን ጠየቅሁ፤ መቀሱን እያየ «ያው… እንግዳ ናት» አለኝ። ዳቦ ቤት ገባሁ፤ ያው እንግዳ ናት። መድኃኒት ቤት፣ ያው። ከአጋሮ የመጡት ደግሞ «እኛም እንደ እንግዳ ስለሆንን የእንግዳ ነገር ገባን» አሉኝ። እያንዳንዱ ሰው ሌላው በሙሉ ለመድና ይሰጣል ብሎ ተማምኗል። ከመጋረጃው ጀርባ እንኳ ይሉኝታ ይዟቸዋል፣ ማንም በማያያቸው ቦታ! በዚህ ከተማ ለመድና የሰጠሁት እኔ ብቻ ልሆን ነው? ከሆሳዕና መጥቼ ሠላሳ ዓመት ኖሬ ገና የዚህ አገር ይሉኝታ አልዘለቀኝም ማለት ነው።

ሰኞ ጠዋት ሱቄን ስከፍት በረንዳው ሽማግሌ በሽማግሌ ሆኗል። ከፊት ሀጂ ሀቢቡላህ ናቸው፤ በሰፈሩ የሚከበሩ፣ ጠብ ሲኖር የሚያስታርቁ ሰው። ሶሬሳ ከአጋሮ መጥቷል። ፀጉር አስተካካዩ አለ። ብርሃንነሽ እንኳ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች፤ እኔን ከአልጋ ሳልነሳ ጥላኝ የወጣችው ለካ ለዚህ ነው። መድና ከስፌት መኪናዋ ጀርባ ተነስታ ተደናግጣ ታያቸዋለች።

«ልጄ መድና» አሉ ሀጂ፣ «ለይቅርታ ነው የመጣነው። ወላሂ እኔም ለልጅቷ ነው የሰጠሁት። እንግዳሽን ሳከብር አንቺን ያከበርኩ መስሎኝ ነው። ሁላችንም እንደዚያው ነን። በድለንሻል።»

«ሀጂ፣ ማሎ! እርስዎ እኔን ይቅርታ ሊጠይቁ? አይሆንም፣ ይቀመጡ።»

«ይቅር ሳትዪን አልቀመጥም።»

መድና ከአንገቷ ላይ ሜትሩን አወረደች፣ ጠቀለለችው፣ ፈታችው። «ይቅር ማለት አልችልም» አለች። ሰው ሁሉ ደነገጠ። «አልችልም፣ ምክንያቱም እኔም ለእሷ ነው የሰጠሁት።»

ከዚያ ሶሬሳ ሆዱን ይዞ መሳቅ ጀመረ፤ ሀጂ በከዘራቸው ተደግፈው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ ብርሃንነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች በሳቅ።

«እንዴ!» አልኩ። «እኔስ? እኔ ሞኙ ለብቻዬ ነው ለአንቺ የሰጠሁት?»

ይሄኔ በረንዳው ሊፈርስ ደረሰ። መድናም ሳቀች፣ ሳቀች፣ እና መሀል ላይ ሳቁ ተለወጠ። ቁጭ ብላ እንባዋን በሙሽራ ቀሚስ ትርፍራፊ ጠረገች።

«ግን ፈልጌው ነበር» አለች። «እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በጣም ፈልጌው ነበር። አንድ ቀን እንኳ ዘፈኑ የመድና ነው ሲባል መስማት። ባልዲው ፊት ቆሜ ለራሴ ልስጥ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ቤቴ ያደረች ልጅ እንዴት አድርጌ?»

ያኔ የሳቀ የለም። ሀጂ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ማንም መፍትሔ አልነበረውም። ሴቶቹ ብቻ እርስ በርስ ይተያያሉ። እኔ አላስተዋልኩም፤ ብርሃንነሽ እንደምትለው የጨርቅ ቀለም ካልሆነ በስተቀር ምንም አላስተውልም።

ሊዮል አዲስ አበባ ሄደች፣ ዳኞቹ መረጧት፣ ናይሮቢ ላይ ለአገራችን ዘፈነች። ሱቄ ውስጥ ቴሌቪዥን አስገብቼ ነበር፤ ሰፈሩ በሙሉ ጨርቄ ላይ ተቀምጦ ነው ያየው። ልጅቷ መድረክ ላይ ስትወጣ መድና «ያ ጠርዝ የኔ ነው! እዩት፣ አይታወቅም እንኳ!» ብላ ብድግ አለች። ሊዮል ሦስተኛ ወጣች። ጅማ ግን አንደኛ የወጣች ያህል ጡሩንባ ስታስነፋ ዋለች። «እኛ ነን የመረጥናት» ይላል ሰው ሁሉ፣ በኩራት። እውነት ነው፣ እነሱ ናቸው። እኔን ያየ ሁሉ ደግሞ «ለአገር ያልሰጠኸው አንተ ብቻ ነህ» ይለኛል። ይህን ስድብ እስከ ዛሬ እየተሸከምኩ ነው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አሰንዳቦ ላይ የሶሬሳ እህት ልጅ ሩፈይዳ ተዳረች። የሚዜዎቹ ጨርቅ ከእኔ ስለሆነ እኔም ተጠርቻለሁ። ብርሃንነሽ ጠዋት መኪና ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ስታንሾካሹክ «ምንድን ነው?» አልኳት። «አንተ አፍህ አይጠበቅምና ምንም አይደለም» አለችኝ።

ከምሳ በኋላ ድንኳኑ ሞቀ። መድና እንደ ልማዷ የሙሽሪትን እናት አየት አድርጋ፣ አንዷን አክስት አናግራ ወደ መሀል ገባች። ከበሮው ተመታ። «ሩፈይዳ የእናቷ ዓይን» ብላ አወጣች። ተቀባዩ «ሩፈይዳ፣ ሩፈይዳ» ማለት ነበረበት። ሴቶቹ በሙሉ ግን፣ ሙሽሪትም ጭምር፣ በአንድ ድምፅ እንዲህ ብለው ተቀበሉ፦

«መድና አባቦራ!»

የተሳሳቱ መሰላት። እጇን አወዛውዛ እንደገና አወጣች፤ የሩፈይዳን ስም ጠበቅ አድርጋ። «መድና አባቦራ!» አሉ፣ አሁን ወንዶቹም አሉበት። ሀጂ ሀቢቡላህ በከዘራቸው መሬቱን እየመቱ ይላሉ፣ ሶሬሳ ይላል፣ ከአንድ ጥግ ሸኩር፣ በቀን አሥር ቃል የማይናገረው ሸኩር፣ አንገቱ እስኪገታተር ይላል። እኔ? እኔማ ድምፄ እስኪዘጋ ነው የጮኽኩት።

መድና ዝም አለች። ለሁሉም ሰው ከአፏ ግጥም የማይጠፋው ሴትዮ መሀል ላይ ቆማ አንድ ስንኝ አጣች። ከበሮው ቀጠለ፣ ጭብጨባው ቀጠለ፣ እሷ ሁለት እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ዙሪያዋን ታያለች። ቀስ እያለ ሰውም ዝም አለ፣ የሆነ ነገር ትላለች ብሎ። ሁላችንም የጠበቅነው ያንኑ የለመድነውን ነበር፤ ኧረ ተዉ፣ ሙሽሪቷ እያለች እኔን፣ ነውር ነው፣ እንድትል።

«ማሎ» አለች፣ ፊቷ በእንባ ርሶ፣ ያለ አንዳች ይሉኝታ። «አንዴ ድገሙልኝ።»